አክተር አይሞትም፤ ታጋቹስ?

ባለፈው ወር የትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ለስብሰባ ጠርቶን ነበር። የወላጆች ስብሰባ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ይጀመራል። መጀመሪያ ስለ ሥነ ምግባር ይወራል፤ የክፍያ ጭማሪው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን ማንሳት ሲጀምር፣ ጣል ይደረጋል። የዚያን ቀን ግን ከጭማሪው በፊት ያልጠበቅሁት አጀንዳ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ፌስታል አወጡና ዘረገፉት። ከልጆች ቦርሳ የተለቀሙ የኮሚክ መጻሕፍት ናቸው። ስፓይደርማን፣ ባትማን፣ ሌላም ሌላም። አንዱን ከሽፋኑ አወቅሁት፤ የኔ ልጅ ነው። አክስቱ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛለት የመጣችው፣ የድሮ ታሪኮች በአንድ ላይ የታተሙበት ጥራዝ ነው።

አንድ አባት ተነሡ። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ አነጋገራቸው የረጋ፣ ደኅና ሥራ ላይ ያሉ የሚመስሉ ሰው ናቸው። የልጄን መጽሐፍ ከፍ አድርገው፣ “ገልጬ አይቼዋለሁ። ስድስት ወንበዴዎች ተመካክረው ሴት ሲያግቱ ነው የሚያሳየው። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ለልጆቻችን እገታ እናስተምር?” አሉ።

አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔ እጄን አወጣሁ። “እስከ መጨረሻው አንብበውታል ወይ?” ብዬ ጠየቅሁ።

“ምን የሚነበብ ነገር አለውና ነው?” አሉኝ። ሰው ሳቀ። ርዕሰ መምህሩም፣ “እርስዎ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩ ሰው ሆነው!” ብለው በሐዘኔታ ተመለከቱኝ። ድምፅ ተሰጠ፤ ኮሚክ ተከለከለ። ወላጅ እየፈረመ የልጁን እንዲወስድ ተባለ። ከዚያ ጭማሪው ተነገረን።

እንግዲህ ፈርሜ፣ ታጋቹን መጽሐፍ አስለቅቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለነገሩ እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በኮሚክ መጻሕፍት ላይ መሥራት እንደሚፈልግ ነግሮኝ ነበር። “ወንድሜ፣ ቁም ነገር ፈልግ” አልኩት። ልጁ ቁም ነገር ፈለገና አንድ እሱም የማይወደው፣ እኔም የማልወደው ልቦለድ ላይ ጽፎ ተመረቀ። ያን ተማሪ ዛሬ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ምክንያቱም የዚያን ምሽት የተከለከለውን መጽሐፍ ከፍቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እኚያን አባት የምሞግታቸው አሁን ነው።

*

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ የስፓይደርማን ልዩ ዓመታዊ እትም ነው። ጽሑፉ የስታን ሊ፣ ሥዕሉ የስቲቭ ዲትኮ። ዶክተር ኦክቶፐስ የሚባል፣ ከገላው ጋር የተዋሐዱ አራት የብረት ክንዶች ያሉት ሳይንቲስት ከእስር ቤት ያመልጣል። ብቻውን ስፓይደርማንን መጣል እንዳቃተው ያውቃልና፣ እንደሱ የተሸነፉትን አምስት ሰዎች ይጠራል። ቫልቸር አለ፤ እንደ ስሙ ጥንብ አንሳ፣ ክንፍ የገጠመ ሽማግሌ። ኤሌክትሮ አለ፤ ከእጁ መብረቅ የሚተፋ። ሚስቴሪዮ አለ፤ የፊልም ማታለያ አዋቂ። ክሬቨን አለ፤ ከአውሬ አደን ወደ ሰው አደን የተሸጋገረ። ሳንድማን አለ፤ ገላው አሸዋ የሆነ። ስድስቱ ማኅበር ገቡ።

ችግራቸው አንድ ነው፤ ጭንብሉን ያጠለቀው ሰው ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር አያውቁም። የማይታወቅን ሰው እንዴት አድርገህ ታገኘዋለህ? ይሳሳላታል ያልካትን ሰው ትይዝበታለህ። ስለዚህ ስፓይደርማን ቀደም ሲል ያዳናትን ቤቲ ብራንት የምትባል የጋዜጣ ቤት ጸሐፊ ያግታሉ። በዚያች ሰዓት አጠገቧ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እሳቸውንም አብረው ያፍሷቸዋል። አሮጊቷ ሜይ ፓርከር ናቸው፤ ስፓይደርማን ጭንብሉን ሲያወልቅ የሚሆነውን ፒተር ፓርከርን ያሳደጉት አክስቱ። አጋቾቹ ይሄን አያውቁም። ለዓሣ ማጥመጃ ትል ፍለጋ ሄደው ሳያውቁት የዓሣውን እናት ይዘው ተመለሱ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ስፓይደርማን ኃይሉን አጥቷል። የአጎቱ የቤን አሟሟት ጸጸት ሰቅዞ ይዞት ግድግዳ መውጣት አቅቶታል። እንደማንኛውም የጎረምሳ ተማሪ ነው። መልእክቱ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? ባዶ እጁን ይሄዳል። መሞቱን እያወቀ ይሄዳል። ኃይሉ የሚመለስለት ሄዶ፣ የመጀመሪያው መብረቅ ከተወረወረበት በኋላ ነው። ኃይሉ ለካ ጠፍቶ አልነበረም፤ ጸጸት አስሮት ነው።

እኚያ አባት ገልጠው ያዩት የእገታውን ገጽ ነው። ይሄን ገጽ አላዩትም። አንድ ልጅ፣ አቅም ሳይኖረው፣ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ከቤት የሚወጣበትን ገጽ። እኔ ሃያ ዓመት ያስተማርኳቸውን ልቦለዶች ብበረብር ይሄን ያህል አጭርና ግልጽ አድርጎ ድፍረት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ገጽ ለማግኘት እቸገራለሁ።

*

እገዳው አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። የእኛ ስብሰባ በአሜሪካ የተደረገው ከሰባ ዓመት በፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 በኒውዮርክ ግዛት ቢንጋምተን በምትባል ከተማ ተማሪዎች በአዋቂዎች አይዞህ ባይነት የኮሚክ መጻሕፍት ከምረው አቃጥለዋል። በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ አሳታሚዎችን ጠርቶ አፋጠጠ። አሳታሚዎቹ ደነገጡ፤ መንግሥት ሳይቀጣን እኛው እንቀጣ ብለው ማኅበር አቋቁመው ደንብ አወጡ። ደንቡን ያከበረ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ማኅተም ይደረግለታል፤ ማኅተም የሌለውን ብዙ አከፋፋይ አይነካውም።

በዚህ ደንብ ውስጥ እገታን ብቻ የሚመለከት አንቀጽ አለ። በራሴ ቃል ልንገራችሁ። እገታ በዝርዝር አይሣል፤ አጋች ከእገታው አንዳች ጥቅም አያግኝ፤ አጋች በየትኛውም ታሪክ ውስጥ ሳይቀጣ አይቅር።

ለምን ለእገታ ብቻ የተለየ አንቀጽ? ደንቡ ምክንያቱን አይናገርም። ያ አገር ግን ቁስል ነበረበት። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1932 ሌሊት፣ አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን በማቋረጡ ዓለም ያወቀው የቻርልስ ሊንድበርግ ልጅ፣ የሃያ ወር ሕፃን፣ ከተኛበት አልጋ ተሰረቀ። አጋቹ በመሰላል ነው የወጣው። ሃምሳ ሺህ ዶላር ተጠየቀ፤ ተከፈለም። በሜይ 12 ሕፃኑ ሞቶ፣ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። በዚያው ዓመት እገታን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ፤ እስከ ዛሬ በሊንድበርግ ስም ይጠራል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ያን ማስታወቂያ፣ ያን የሕፃን ፎቶግራፍ በየጋዜጣው እያዩ የኖሩ ናቸው። ሐዘናቸው ሐዘን ነው፤ አልስቅበትም።

ዌርታምንም ቢሆን እንደ ተራ አጉራ ዘለል አላየውም። በሐርለም ለድሆች ጥቁሮች የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ የከፈተ ሰው ነው። በትምህርት ቤት የዘር መለያየት ልጆችን እንደሚጎዳ የሰጠው ምስክርነት መለያየቱን ለመሻር በተደረገው ክርክር ላይ ረድቷል። ደግ ሰው ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ካሮል ቲሊ የተባለች ምሁር የዌርታምን የምርምር ማኅደር መርምራ ያገኘችውን አሳተመች። ሰውየው የልጆቹን ቃል እየቀጠለና እየቆረጠ፣ እንደሚመቸው አድርጎ አቅርቧል። ደግነት ማስረጃን አይተካም። “ገልጬ አይቼዋለሁ” የሚለው ደግነት ደግሞ ከሁሉም ያስፈራኛል።

ደንቡስ ምን ሆነ? ማርቭል በ2001 ጥሎት ወጣ፤ በ2011 የቀሩትም ተዉት፤ ማኅተሙ ሞተ። ለብዙ ዓመታት በወረቀት ላይ አጋች ጥቅም እንዳያገኝ ተከልክሎ ኖረ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ብቻ። መሬት ላይ ያለው አጋች ደንቡን አላነበበውም።

*

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኚያ አባት የፈሩት መጽሐፉ እገታን እንዳያስተምር ነው። እኔ ደግሞ የምከሰው በተቃራኒው ነው። መጽሐፉ እገታን አላሳየም። ደንቡ እንዳያሳይ ከለከለው።

አክስት ሜይ ታግተው ሳለ ምን ሆኑ መሰላችሁ? ምንም። መታገታቸውን ጭራሽ አላወቁትም! ዶክተር ኦክቶፐስ እንግዳ ተቀባይ ጨዋ ሰው መስሏቸዋል። አራት የብረት ክንድ ከገላው ተዘርግቶ እያዩ፣ እንዴት ያለ ደኅና ያደገ ሰው ነው ይላሉ። አንባቢ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን የአስተማሪነት በሽታዬ ተነሣብኝና ሌላ ምሳሌ ፈለግሁ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውን የባትማን ፊልም ተመልከቱ። እዚያም የክፉዎች ማኅበር አለ፤ ጆከር፣ ፔንግዊን፣ ሪድለርና ካትዉማን። አንድ የመርከብ ባለቤት አዛውንት አግተዋል። ሰውየው ታግተው ሳለ ገና በመርከባቸው ላይ ያሉ፣ ከውጭም ጉም የወረደ ይመስላቸዋል። ክፉዎቹ ባትማንን ለማጥመድ ብለው ብሩስ ዌይን የሚባል ሀብታም ያግታሉ፤ ብሩስ ዌይን ራሱ ባትማን መሆኑን አያውቁም፤ ማጥመጃውና ዓሣው አንድ ሰው። በመጨረሻ የዓለም የጸጥታ ምክር ቤት ተሰብሳቢዎችን ውኃቸውን መጥጠው፣ ባለቀለም ዱቄት አድርገው፣ በብልቃጥ ይዘዋቸው ይጠፋሉ። ብልቃጡ ይሰበርና ዱቄቱ ይደባለቃል። ባትማን በስንት መከራ ለይቶ ውኃ ሲያጠጣቸው ሰዎቹ ይነሡና ጭቅጭቃቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ብቻ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ነው የሚናገረው። እነሱም መታገታቸውን አያውቁም፤ ቋንቋቸው መለዋወጡንም ልብ አላሉም።

አያችሁ? አሮጊቷ አላወቁም። አዛውንቱ አላወቁም። ተሰብሳቢዎቹም አላወቁም። ደንቡና ቀልዱ ተጋግዘው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረዋል፤ የማይፈራ፣ የማይራብ፣ የማያለቅስ፣ ከተለቀቀ በኋላም የማያስታውስ ታጋች። በታሪኩ ውስጥ ስድስት ክፉዎችና አንድ ጀግና አሉ። ታጋቹ ዕቃ ነው። ከዚህ ወደዚያ ይዛወራል፤ በመጨረሻ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በልጅነታችን ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ ላይ “አክተር አይሞትም” እየተባባልን ነበር የምንገባው። እውነትም አይሞትም። ስለ ታጋቿ ግን ከመካከላችን አንዳችን እንኳ ጠይቀን አናውቅም። ትጮኻለች፣ ትድናለች፣ አክተሩን ታቅፋለች፤ ፊልሙ ያልቃል፤ እኛም ደጅ ወጥተን እየተማታን አክተሩን እንሆናለን። ታጋቿን መሆን የሚፈልግ ልጅ አልነበረም።

ይሄን ከአሜሪካ ብቻ ተማርነው እንዳትሉኝ። ዶክተር ኦክቶፐስ ካገታቸው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ እትም፣ እኚያኑ አክስት ሜይን ሊያገባቸው ቄስ ፊት ቆሟል። የወረሱት ደሴትና በላዩ ያለ የኑክሌር ጣቢያ አሰኝቶት ነው። ይሄን ሳነብ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የእኛ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅ የጠለፈ ሰው ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ከቅጣት ነጻ ያደርገው እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ይሄ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ለአርባ ሰባት ዓመት ያ በሕግ መጽሐፋችን ላይ ሲቀመጥ “ልጆቻችን እንዳያነቡት” ብሎ ስብሰባ የጠራ ሰው አልነበረም። ጠላፊው ብቻውን አይሄድም። ጓደኞቹን ሰብስቦ ነው የሚሄደው፤ እሱም ማኅበር አለው። ሽማግሌም በኋላ ይከተላል። ስለ ልጅቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፤ “ትለምደዋለች።” መታገቷን ከናካቴው ትረሳዋለች ማለት ነው። እንደ አክስት ሜይ።

*

ሁለተኛው ክሴ ስለ ማኅበሩ ነው።

ስድስቱ ክፉዎች የተሸነፉት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስድስት ሆነው አንድ ላይ አልወረዱበትም። እያንዳንዱ “ስፓይደርማንን የጣልኩት እኔ ነኝ” ማለት ይፈልጋል። ስለዚህ ተራ ገቡ። አንዱ ሲሸነፍ ቀጣዩ በራሱ ቦታ፣ በራሱ ወጥመድ ይጠብቃል። ጀግናው አንድ በአንድ ለቀማቸው። ክፋት ክብርን ይወዳል፤ ክብር ደግሞ አይከፋፈልም፤ ስለዚህ የክፉዎች ኅብረት ይፈርሳል። ይሄ የመጽሐፉ ፍልስፍና ነው።

እኔም ይሄንኑ አስተምር ነበር። “ክፋት ራሱን ይበላል” ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ ገልብጠው ለፈተና ሸምድደውታል። ዛሬ ብመለስ እሰርዘዋለሁ።

የሰፈራችን ልጅ ነው። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ቀን ከከተማ ውጭ መንገድ ላይ መኪናው ቆመ፤ ልጁ ተወሰደ። በማግሥቱ የእናቱ ስልክ ጮኸ። የጠየቁት ገንዘብ እናቲቱ በዕድሜያቸው አንድ ላይ አይተውት የማያውቁት ነው። ዕድሩ ተሰበሰበ፣ የመኪናው ባለቤት አዋጣ፣ የሥራ ጓደኞቹ አዋጡ፣ የእናቲቱ የጆሮ ወርቅ ተሸጠ። እኔም ያቅሜን ሰጠሁ። ከሁሉ በላይ የማይረሳኝ የደዋዩ አነጋገር ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ሲያናግሩት ሰምቼዋለሁ። “እናቴ፣ አይጨነቁ፤ ልጅዎ ደኅና ነው” ይላል። እናቴ! አንቱ እያለ፣ ረጋ ብሎ። እንዴት ያለ ደኅና ያደገ ሰው ነው ያሰኛል። እሳቸው ግን አክስት ሜይ አይደሉም። ያውቃሉ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ “እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ” ይሉታል።

ልጁ በዐሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን አልን፤ ቡና ተፈላ። አንድ ሰው “ምን ይመስላሉ?” ብሎ ጠየቀው። ልጁ ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። እስከ ዛሬ ጫማውን አውልቆ አይተኛም። እናቱ ናቸው የነገሩኝ።

እንግዲህ አስቡት። አንድን ሰው ዐሥራ አንድ ቀን ለመያዝ ስንት ሰው ያስፈልጋል? የትኛው መኪና መቼ እንደሚያልፍ የሚናገር አለ። መንገድ የሚዘጋ አለ። ሌሊት የሚጠብቅ አለ። እንጀራ የሚያቀርብ አለ። “እናቴ” እያለ የሚደውል አለ። ገንዘቡን የሚቀበልና የሚቆጥር አለ። ስድስት አልሞላም? ከነዚህ ውስጥ “እኔ ነኝ ያገትኩት” ብሎ ስሙ እንዲጠራለት የሚፈልግ አንድም የለም። ክንፍ የለበሰ የለም፤ መብረቅ የሚተፋ የለም። ምናልባት አንዱ በማግሥቱ ሱቅ ገብቶ ለልጁ ደብተር ገዝቷል። ይሄ ማኅበር በክብር ሽሚያ አይፈርስም፤ ከክብር ምንም አይፈልግምና። የሚፈልገው ጨለማ ብቻ ነው።

ጨለማውን ደግሞ የምንሰጠው እኛ ነን። እኛ ጋዜጣ ላይ የምንጽፍ ሰዎች። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚጓዙ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ እየወረዱ ተወሰዱ። ስለ እንዲህ ያሉ ነገሮች ስንጽፍ የምናዘወትረው ቃል ምንድን ነው? “ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች።” ሐረጉ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። ዘጋቢ የማያውቀውን አይጽፍም። ግን ሲደጋገም ደንብ ይሆናል። ማንነቱ ያልታወቀ አጋች፣ ቁጥሩ እንጂ ስሙ የማይነገር ታጋች። የታጋቾቹን ቁጥር አንድ ጊዜ እንጽፋለን፤ ከዚያ ሌላ ዜና ይመጣል። የኮሚኩ ደንብ ሦስት ቃል ኪዳን ነበረው፤ በዝርዝር አይታይ፣ ጥቅም አያግኝ፣ ሳይቀጣ አይቅር። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ ወሰድን። በዝርዝር አይታይም። ጥቅሙን ያገኛል፤ ቅጣቱንም ዝም ብለን እናልፈዋለን።

ያ የሕፃናት መጽሐፍ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ክፉ ስም ሰጥቶታል። ኤሌክትሮን ልጄ ያውቀዋል፤ የት እንደቆመ፣ ምን እንዳደረገ፣ እንዴት እንደተያዘ ይነግራችኋል። የሰፈራችንን ልጅ ስላገቱት ሰዎች ግን እኔ፣ ጋዜጣ ጸሐፊው፣ የማውቀው የአንዱን ድምፅ ብቻ ነው።

*

“ታዲያ ምን እናድርግ?” የሚሉ ይኖራሉ። “ልጆቹ ዝም ብለው ያንብቡ ነው የምትለው?”

ዝም ብለው አይደለም። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ መጽሐፉን እንደገና አብረን አነበብነው። የድብድቡን ገጾች እሱ ተረከልኝ፤ ከኔ ይሻላል። አክስት ሜይ ጋ ስንደርስ አስቆምኩት።

“እሳቸው ምን ተሰምቷቸው ይመስልሃል?” አልኩት።

“አባዬ፣ እሷኮ አላወቀችም” አለኝ፣ ይሄ እንኳ አይገባህም በሚል ዓይን።

“ብታውቅስ?”

ዝም አለ። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠና ቤቲ ብራንትን ፈለጋት። የቤቲን ፊት አተኩሮ አየው። “ይቺ ግን አውቃለች” አለ። ከዚያ ድንገት፣ “የእነ እማማ ልጅ ጫማውን የማያወልቀው ለዚህ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ።

ማን እንደነገረው አላውቅም። ልጆች ከግድግዳ ጀርባ ነው የሚያድጉት። “አዎ፣ ለዚህ ነው” አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

እኔና እኚያ አባት የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ክቡር ሆይ፣ “በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር” ሲሉ ልክ ነዎት። የፈሩት ነገር የሚያስፈራ ነው፤ ልጅዎን መውደድዎንም አልጠራጠርም። ግን ልጅዎ እገታ የሚለውን ቃል ከስፓይደርማን አልሰማውም። ከእርስዎ ስልክ፣ ከጎረቤት ቡና፣ ከሬዲዮ ሰምቶታል። የሰማውን የሚጠይቅበት መጽሐፍ በእጁ ነበር፤ እርስዎ ወሰዱበት። በምትኩ ምን ሰጡት?

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣለሁ። ተሰብሳቢው እንደሚስቅ አውቃለሁ። የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የልጆቹ መጻሕፍት ይመለሱ፤ በምትኩ በዚያ አዳራሽ የተቀመጥን ወላጆች፣ በመንገድ ላይ የተወሰደ ሰው የምናውቅ ሁሉ፣ አንድ አንድ ስም እንጻፍ። የአጋቹን አላልኩም፤ እሱን ለማወቅ የሚገባቸው ሌሎች አሉ፣ ሥራቸውንም ይሥሩ። የታጋቹን ስም። ወረቀቱ እንደማይበቃን እፈራለሁ። ያን ዝርዝር ካነበብን በኋላም ጥፋቱ የኮሚኩ ነው የሚል ሰው ከተገኘ፣ የልጄን መጽሐፍ በገዛ እጄ ወደ ፌስታሉ እመልሳለሁ።